የጊንጂ አራተኛ እርምጃ

ጊንጂ የሚባለው ቀበሮ ሦስት እርምጃ እንደማንኛውም ቀበሮ ይራመዳል። በአራተኛው ጅራቱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይቆማል። ከዚያ እንደገና ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ እንደገና ጅራት። የኮምፒውተር ጌሙን የተጫወተ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያልተጫወተውም ቢሆን ያን ጅራት በቦርሳ ላይ፣ በካልሲ ላይ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ላይ ሳያየው አልቀረም። ጅራቱ ለምን እንደሚቆም ግን ሱሚኤ አታውቅም ነበር። የሚገርመው፣ ቀበሮውን የሳለችው እሷ ራሷ ናት።

ሱሚኤ ስልሳ ዓመቷ ነው። ኪዮቶ ውስጥ፣ ጣሪያ በለበሰው የገበያ መተላለፊያ፣ በዓሣ ሻጩና በጫማ አዳሹ መካከል በተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ ልብስ ታስተካክላለች። ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ አዲስ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ በበዓሉ የወፈሩትን ሰዎች ልብስ ወገብ ታሰፋለች። ደንበኞቿ ከዚህ ሌላ የሚያውቁላት ሙያ የለም። አንድ ጊዜ የጊንጂን ሥዕል ቦርሳ ላይ እንድትሰፋላት ያመጣች ሴት ነበረች፤ ሱሚኤም አፏ አመለጣትና «ይህን እኮ የሳልኩት እኔ ነኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ሱሚኤም እንዳታሳፍራት አብራት ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ለሰው ተናግራ አታውቅም። የገዛ ልጇ እንኳ ከቶኪዮ ደውላ፣ «እማዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ጊንጂን የሳለው ሞናካ ወንድ ነው ይላሉ። ፂምም አለው አሉ» ብላ ቀልዳባታለች።

ሞናካ ሱሚኤ ነበረች። በዚያን ዘመን የጌም ኩባንያዎች የሠራተኞቻቸውን እውነተኛ ስም በጌሙ መጨረሻ ላይ አያወጡም ነበር። ስሙ ከታወቀ ሌላው ኩባንያ መጥቶ ሰውየውን አባብሎ ይወስደዋል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ኦሳካ በሚገኘው በሂሮታኒ ኩባንያ ለሁሉም ቅጽል ስም ይወጣለት ነበር። አንዱ «ዝናብ አምጪ»፣ አንዱ «ሦስት ትራስ»፣ አንዱ «አማቼ» ይባላል። ሱሚኤ ደግሞ ምሳ ሰዓት ላይ ሞናካ የሚሉትን ባቄላ የተሞላ ጣፋጭ ስትገምጥ ፍርፋሪው የሥራ ባልደረባዋ ኪቦርድ ውስጥ ስለገባ ሞናካ ሆና ቀረች። አግብታ ሥራውን ስትለቅ ከወንበሯ ጋር ስሟንም አስረክባ ወጣች። በእግሯ የተተካው ሰዓሊ ሞናካ ተባለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ። ፂም ያለው ሦስተኛው ሞናካ ነው።

በሰኔ ዝናብ መሐል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጥቁር ልብስ የለበሰች ወጣት ጃንጥላዋን አራግፋ ወደ ሱቁ ገባች።

«ይቅርታ፣ ወይዘሮ ሱሚኤ እርስዎ ነዎት?»

«ዚፕ ነው?» አለች ሱሚኤ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«አይደለም፣ ቀበሮ ነው» አለች ልጅቷ።

ናሩሴ ትባላለች። የሂሮታኒ ኩባንያ የሕግ ክፍል ሠራተኛ ናት። ተቀመጪ ብትባል እንኳ የወንበሩን ጫፍ ብቻ ይዛ ነው የተቀመጠችው። ነገሩን ግን ሳታድበሰብስ ተናገረች። የጊንጂ ጌም ሲሠራ የቡድኑ አለቃ የነበረው አቶ ካጂዋራ ኩባንያውን ከለቀቀ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አሁን በራሱ አዲስ የጊንጂ ጌም ሊያወጣ ተነሥቷል። ኩባንያው ደግሞ «በሠራተኞቻችን እጅ የተሠራ ሁሉ የእኛ ነው፣ አትነካውም» ብሎ ፍርድ ቤት ወስዶታል።

«እሳቸው የሚሉት፣ የቀበሮው ነፍስ ጅራቱ ነው፣ ጅራቱን እንዲነሣ ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ ነው» አለች ናሩሴ። «ልጅ ሳሉ ዋካያማ እንዲህ የሚያደርግ ውሻ ነበራቸው አሉ። በየመጽሔቱ ተናግረውታል።»

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አለች ሱሚኤ ቀስ ብላ።

ናሩሴ ሁለት ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው፣ «የሂሮታኒ ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ የጊንጂን አራቱንም እርምጃዎች፣ ጅራቱን ጨምሮ፣ ብቻዬን የሳልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ከግርጌው በፊርማ ፈንታ ለሚመታው የግል ማኅተም የተተወች ትንሽ ክብ አለች። ሁለተኛው በሚመጣው መጋቢት ጌሙ እንደገና ሲወጣ መጨረሻው ላይ የሚታየው የስም ዝርዝር ነበር። በመካከሉ በጥቁር መደብ ላይ በነጭ፣ «ሥዕል፦ ኦኪታ ሱሚኤ» ተብሎ ተጽፏል። ኦኪታ የባሏ ቤተሰብ ስም ነው።

ሱሚኤ ስሟን አንዴ አየችው፤ ዓይኗን ነቅላ ዝናቡን አየች፤ ከዚያ ተመልሳ ስሟን አየች። ማኅተሟ የክር መሳቢያው ውስጥ ነው፤ እጇን ብትዘረጋ ታገኘዋለች። እጇ ተንቀሳቅሶም ነበር። ግን «አራቱንም» የሚለው ቃል ዓይኗ ውስጥ ተሰነቀረ። ሦስቱንማ ሥላለች። አራተኛው ላይ የሷ ጅራት ወደ መሬት የወረደ ነበር። ማን አነሣው? ይህን ጥያቄ፣ አለቃዋን እየጠረጠረች ሳትጠይቀው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይዛው ኖራለች።

«እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ጊዜ ይስጡኝ» አለች።

«የሚያጠራጥር ነገር አለ?»

«የለም» አለች ሱሚኤ፣ ወዲያው ደግሞ አፍራ፣ «አለ» አለች።

አባቷ ሃታኖ ቶሜኪቺ የጥለት ነዳፊ ነበር። ለሐር ሸማኔዎች የኪሞኖ መቀነት ጥለት ይነድፋል። ሥራው ባለካሬ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ እያንዳንዷን ካሬ ቀለም መሙላት ነው። አንዷ ካሬ አንድ የክር መሻገሪያ ናት፤ ሸማኔው ወረቀቱን እያየ ድሩን ያነሣል፣ ማጉን ይወረውራል። አንድ መቀነት ስንት አሥር ሺህ ካሬ እንደሚፈጅ ሱሚኤ ልጅ ሆና ልትቆጥር ሞክራ እንቅልፍ ወስዷታል። የነዳፊው ስም መቀነቱ ላይ አይወጣም። አባቷ ግን አንድ ልማድ ነበረው፤ ጥለቱን ሲጨርስ ከአንድ ጫፍ ላይ አንዲት ካሬ ባዶ ይተዋል። ለምን ስትለው፣ «ሸማኔው ትንፋሽ ይውሰድባት» ይላታል።

ሃያ ዓመት ሲሞላት የሐር ገበያው ቀዝቅዞ ነበርና ሱሚኤ ኦሳካ ሥራ ፍለጋ ወረደች። ሂሮታኒ ገብታ ለፈተና የሰጧት ነገር ባለካሬ ወረቀት ነበር። ሌሎቹ ተፈታኞች እርሳሳቸውን ሲነክሱ እሷ ሞልታ አስረከበች። ካጂዋራ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ፣ «የት ነው የተማርሽው?» ሲላት፣ «ቤቴ» አለችው።

በዚያን ጊዜ ሥዕል ኮምፒውተር ላይ አይሳልም ነበር። ሰዓሊው ካሬውን ይሞላል፣ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ኮምፒውተሩ የሚገባውን ቁጥር ይጽፋል፣ ወረቀቱን ለቁጥር አስገቢዋ ለዩጌ ሃማኮ ይሰጣል። ሃማኮ ቁጥሩን በተርታው ትመታዋለች፤ ሥዕሉ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ ይላል። ጊንጂ የተሠራው ከአራት ቁራጭ ነው። ሲራመድ የኮምፒውተሩን ቦታ ለመቆጠብ በየእርምጃው ከኋላ ያለው የጅራት ቁራጭ ብቻ ይቀያየራል።

የመጨረሻዋ የጅራት ቁራጭ ስትቀር ሱሚኤን ጆሮ ደግፍ ያዛት። በሃያ ሁለት ዓመት ጆሮ ደግፍ! ፊቷ እንደ ሐብሐብ አብጦ ኪዮቶ ወላጆቿ ቤት ተኛች። ጅራቱን በእርሳስ ነድፋ እራሷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ እናቷ፣ «አታስቢ፣ አባትሽ በባቡር ወስዶ አድርሶልሻል» አለቻት። በዐሥራ አንደኛው ቀን ቢሮ ስትመለስ ሰዉ ሁሉ የኮምፒውተሩን መስኮት ከቦ ይስቃል። ቀበሮው ሦስት ይራመዳል፣ ጅራቱን ያቆማል። ካጂዋራ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ሞናካ! ይሄ ነው ነፍስ ማለት!» አላት። ሱሚኤ አለቃዋ ራሱ አስቀይሮት እየቀለደባት መሰላትና ዝም አለች። ዝም ማለት ደግሞ አንዴ ከጀመሩት የሚያቆሙት ነገር አይደለም።

ካጂዋራ ናሩሴ በመጣች በሦስተኛው ቀን መጣ። ሰባ ዓመቱ ነው፤ በዝናብ ርሶ፣ ደረቱ ላይ አንድ ካርቶን አቅፎ ገባ።

«ሞናካ! አሁንም አጎንብሰሽ ነው የምትሠሪው? አንገትሽ ይጣመማል ብዬሽ አልነበር?»

«እርስዎስ አለቃ፣ ዛሬም ጃንጥላ ረሱ?»

«አልረሳሁም፣ ባቡር ላይ ትቼው ነው።»

ካርቶኑን ከፈተው። ሞናካ የሚሉት ጣፋጭ ነበር። ሱሚኤ ፎጣ ሰጠችው፣ የገብስ ሻይ ቀዳችለት። እሱ ጭንቅላቱን እያደራረቀ አንድ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የሱ ደግሞ፣ «ጅራቱን ያነሣሁት በአቶ ካጂዋራ ትእዛዝ ነው» ይላል።

«እነዚያ መጥተው ሄደዋል አይደል?» አለ። «ስምሽን እናወጣልሻለን ብለውሽ ይሆናል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብቀውሽ ዛሬ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ስምሽ ትዝ አላቸው! እኔ እንኳ...»

«እርስዎም አላወጡትም፣ አለቃ።»

ካጂዋራ ሻዩን ፉት አለ። «እሱስ እውነት ነው» አለ። «ግን ጅራቱን አንሺው አላልኩሽም?»

«መቼ?»

«መቼ ማለትስ? ያኔ ነዋ!»

«ያኔ እኔ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ቤት ተኝቼ ነበር።»

«እንግዲያው በስልክ ብዬሻለሁ።»

«አፌ አይከፈትም ነበር እኮ። በገለባ ነበር የምመገበው።»

ካጂዋራ ሞናካውን ገምጦ ማኘኩን ረሳ። «እንዴ! እና በራስሽ ነው ያነሣሽው?»

«እኔ አላነሣሁትም። እርስዎ ነዎት ብዬ ነው እስካሁን ያለሁት።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ነሽ ብዬ! በኋላ... በኋላ ጋዜጠኛው ሐሳቡ ከየት መጣ ሲለኝ አንቺ እንደሆንሽ መናገር አይፈቀድም፤ ውሻው አፌ ላይ መጣልኝ። አንዴ ተናገርኩት፣ ሁለቴ ተናገርኩት፤ ከዚያማ አየሁት መሰለኝ።»

«ውሻ ግን ነበረዎት?»

«ውሻውስ ነበረ። ጅራቱን... እንጃ።»

ሁለቱ ተያዩ። በማያባራው ዝናብ ውስጥ ዓሣ ሻጩ ዋጋ እየጠራ ይጮኻል። ካጂዋራ የመጣበትን ነገር ለጊዜው ረስቶ ወደፊት ዘመም አለ። «ታዲያ ማነው?»

«እኔ እንጃ። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሲወጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ሄደ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «ሞናካ፣ እኔ ሰባ ሞላኝ» አላት። «ለነሱ ካተምሽላቸው ያን ቀበሮ እስክሞት አልነካውም። ይህን እወቂልኝ እንጂ ዋሺልኝ አልልሽም።» ሱሚኤ ጃንጥላዋን ሰጠችው። ያንንም ባቡር ላይ እንደሚተወው ታውቃለች።

የቀረችው ሃማኮ ናት። ወረቀቱን የተቀበለችው፣ ቁጥሩን የመታችው እሷ ናት። ሃማኮ ኩባንያውን ለቅቃ ሳካይ ከተማ በሰፊ ብረት ምጣድ የጎመን ቂጣ የምትጠብስበት ቤት ከፍታለች፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቤቱን ግን ለማንም አልለቀቀችም። እሁድ ከምሳ በኋላ ሱሚኤ ባቡር ቀያይራ ሄደች። ሃማኮ ገና በሩ ላይ እንዳየቻት መጠፍጠፊያዋን አነሣች።

«ሞናካዬ! እንዲህ ከስተሽ ነው የወፈሩ ሰዎችን ሱሪ የምታሰፊው? ቁጭ በይ፣ ልጥበስልሽ።»

«እትዬ፣ በልቻለሁ።»

«ኪዮቶ የተበላ ምግብ ሳካይ አይቆጠርም።»

ጎመኑ ብረቱ ላይ ተንጣጣ። ሱሚኤ በቀጥታ ጠየቀቻት፤ የጊንጂን ጅራት አንቺ ነሽ ወይ የቀየርሽው አለቻት። ሃማኮ እንደተሰደበች ሰው መጠፍጠፊያዋን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እኔ? በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ቁጥር ቀይሬ አላውቅም! ባል ቀይሬያለሁ፣ ቁጥር ግን አልቀየርኩም። የተጻፈልኝን ነው የመታሁት።»

«የመጨረሻዋን ወረቀት ታስታውሺያታለሽ? አባቴ ያመጣት።»

«ኮፍያ ያለው ሰውዬ? አባትሽ ነበር እንዴ!» የሃማኮ ፊት ፈካ። «እሱንማ እንዴት እረሳዋለሁ። ጣቶቹ በቀለም ቀልተዋል። ገባና ኮፍያውን አውልቆ መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለኮምፒውተሩ እጅ ነሣ። ሰው ለኮምፒውተር እጅ ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በትሕትና፣ ‹ይቅርታ እመቤት፣ ይህ መሣሪያ ከየትኛው መስመር ነው የሚጀምረው?› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ሥራ በዝቶብኛል። ‹ከአንድ ቁጥር ነዋ› አልኩት። ‹እንግዲያው ልክ ነው› ብሎ እንደገና እጅ ነሥቶ ወጣ።»

ሱሚኤ የያዘችውን ቾፕስቲክ አስቀመጠች። «እትዬ፣ አንድ ቁጥር የተጻፈው የት ላይ ነበር?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ አንድ አንድ ነው...» ብላ ጀመረችና ሃማኮ ቆመች። ዓይኗ ምጣዱ ላይ ነው፣ አታየውም። «ቆይ። ቆይ እስቲ። ከታች ነበር! ከታች ወደ ላይ እያነበብኩ አንገቴ እንደተንጋደደ ትዝ ይለኛል። የአንቺ ወረቀት ሁሉ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ ያቺ ብቻ ከታች። እኔ አዲስ አሠራር አመጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ምነው፣ ክፉ ነገር ሠራሁ?»

«ቂጣው እያረረ ነው» አለች ሱሚኤ።

ሱቋ ስትመለስ ገና አልመሸም ነበር። አባቷ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፏል፤ የተረፉት ጥለቶች በካርቶን ቱቦ ተጠቅልለው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን አውርዳ ዘረጋችው፦ ሽመላና የጥድ ቅጠል። የመስመር ቁጥሮቹን ልጅ ሆና ሺህ ጊዜ አይታቸዋለች፤ ሆኖም ዛሬ ገና እንዳየቻቸው ሆኑባት። አንድ ቁጥር ከታች ነው። ሸማኔ ጨርቁን ከታች ጀምሮ ነው ወደ ላይ የሚሠራው፤ ከላይ የሚጀምር ጥለት አባቷ በሕይወቱ ነድፎ አያውቅም። እሷ ግን ሂሮታኒ በገባች በሁለተኛው ቀን ከላይ መጀመር ለምዳ፣ ያንን ለአባቷ መንገር ትዝ ብሏት አያውቅም።

ባለካሬ ወረቀት አወጣች። ናሩሴ ከወረቀቶቹ ጋር ከተወችላት የጊንጂ ሥዕል ኅትመት ላይ የአራተኛውን እርምጃ ጅራት ካሬ በካሬ ገለበጠችው። ስምንት መስመር ብቻ ነው። የቆመ ጅራት። ወረቀቱን ላዩን ወደ ታች ገልብጣ ከጀርባው በኩል በብርሃን አየችው። በእርሳስ የነደፈችው የወረደው ጅራት፣ ያኔ ፎጣ እራሷ ላይ ጣል አድርጋ የተወችው፣ ፊቷ ድቅን አለ። ለካስ ማንም አላነሣውም። ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥርን ከላይ ስለሚጀምር ተገልብጦ ነው።

የጅራቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ካሬ ባዶ ናት። ይቺ ነጥብ የታወቀች ናት፤ ተጫዋቾች በረዶ ነው፣ ኮከብ ነው እያሉ ሲከራከሩባት ሱሚኤ የቁጥር ማስገባት ስሕተት ይሆናል ብላ ትታት ነበር። አሁን ሽመላውን አየች። በክንፉ ጫፍ ላይ አንዲት ካሬ ባዶ ናት። የሸማኔው ትንፋሽ። እሷ በእርሳስ ነድፋ ተኝታ፣ አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ በብሩሹ ሞልቶታል፣ ቁጥሩን ጽፎለታል፣ ሳያስነቃት ኮፍያውን አድርጎ ወጥቷል። እሷ ደግሞ የቢሮ ሰው የጨረሰው መስሏት፣ አባቷ ወረቀቱን አደረሰ እንጂ ሠራው ብላ አስባ አታውቅም። እሱም አልነገራት። ምናልባት ጌሙንም አይቶት አያውቅ ይሆናል።

ማክሰኞ ናሩሴ ስትመጣ ሱሚኤ ሁለቱን ወረቀቶች፣ የኩባንያውንም የካጂዋራንም፣ ማኅተም ሳያርፍባቸው መለሰችላት። በነሱ ፋንታ በራሷ እጅ የጻፈችውን ሰጠቻት። አጭር ነው። ሦስቱን ጅራት እኔ ሣልኩ። አራተኛውን በእርሳስ ነደፍኩ፣ አባቴ ሃታኖ ቶሜኪቺ ሞላው፣ ቁጥሩን እንደ ሸማኔ ከታች ጀምሮ ጻፈው፤ ዩጌ ሃማኮ የተጻፈላትን ሳትቀይር አስገባች። አቶ ካጂዋራ አላዘዙም፤ ባዩት ጊዜ ግን ይቆይ ብለዋል።

ናሩሴ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር የወንበሩን ጫፍ ትታ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠች።

«አባትዎ የሂሮታኒ ሠራተኛ ነበሩ?»

«አባቴ በዕድሜው ኦሳካ የረገጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።»

«ውል ፈርመዋል? ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ምንም?»

«እጅ ነሥቶ ነው የወጣው።»

«ወይ ጉዴ!» አለች ናሩሴ፣ የሕግ ክፍሏን ረስታ። «እንግዲያው ጅራቱን ሠራተኛችን ሠራው ማለት አንችልም። አቶ ካጂዋራም ሐሳቡ የኔ ነው ማለት አይችሉም። እና የማን ነው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ።»

ናሩሴ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ሸፈነች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይዘሮ ሱሚኤ፣ ይህንን ከወሰድኩ ስምዎ እንደሚወጣ ቃል ልገባልዎ አልችልም። ይወቁት» አለች።

ሱሚኤ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ የተጻፈውን ስሟን ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። ያምራል። ከዚያ የክር መሳቢያውን ከፍታ ማኅተሟን አወጣች፣ ቀዩን ቀለም አስነካችው፣ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ግርጌ ላይ ተጭና አሳረፈችው።

ጉዳዩ እስከ መኸር ድረስ ተንከባለለ። ሁለቱም ወገን የተጣሉበት ጅራት ከሁለቱም እጅ ስለወጣ፣ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ «እንጃ የማን ነው» ማለት ለማንም አልጣመውም። ጠበቆቻቸው ተቀምጠው ተስማሙ፦ አሮጌው ጊንጂ ሂሮታኒ ዘንድ ይቆያል፣ ካጂዋራ አዲሱን ይሠራል፣ ሂሮታኒ ያሳትምለታል። ግን ጅራቱን ለመጠቀም የቶሜኪቺ ወራሽ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ናሩሴ ደውላ ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ካጂዋራ ከናሩሴ ጎን ሆኖ፣ «ብዙ ጠይቂያቸው! ይቻላቸዋል!» ሲል በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

ሱሚኤ መቀሷን አስቀመጠች። «ቅጽል ስም ይቅር» አለች። «የሁላችንም ስም እንደ ስማችን ይጻፍ። ዝናብ አምጪም፣ ሦስት ትራስም ስም አላቸው። ፂም ያለው ሞናካም ቢሆን።»

በመጋቢት አሮጌው ጌም እንደገና ሲወጣ ሱሚኤ፣ ሃማኮና ካጂዋራ የጎመን ቂጣው ቤት ውስጥ፣ የሃማኮ አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ናሩሴም በራሷ የእረፍት ቀን መጣች። ጌሙን እስከ መጨረሻው ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀባቸው፤ የሠሩት ሰዎች እንኳ ረስተውታል፣ ካጂዋራ ደግሞ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ስምንት ጊዜ ገባ። በመጨረሻ ጥቁሩ መደብ መጣና ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። «ሥዕል፦ ኦኪታ ሱሚኤ» ሲል ሃማኮ በመጠፍጠፊያዋ ብረቱን ደበደበች። «ቁጥር ማስገባት፦ ዩጌ ሃማኮ» ሲል ግን ጸጥ ብላ ጎመን መክተፍ ጀመረች፤ ዓይኗን ሽንኩርት ያቃጠላት መስላ፣ ሽንኩርት ሳይኖር።

ስሞቹ ወጡ፣ ወጡ። ከሁሉም በታች፣ የመጨረሻዋ መስመር ላይ፣ «የአራተኛው እርምጃ ጅራት፦ ሃታኖ ቶሜኪቺ» ብሎ ቆመ።

ናሩሴ በሐፍረት አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሠራተኛ ስላልነበሩ ከሌሎቹ በታች ነው ቦታ የተሰጣቸው። ከፍ እንዲልላቸው ጠይቄ ነበር።»

«ኧረ እዚያው ይሁን» አለች ሱሚኤ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «አባቴ ዘንድ አንደኛው መስመር እሱ ነው።»